የጥገና ሙያ የወደቀ ተማሪ መጠጊያ ነውን?



ይህች መጽሔታችን በየዓመቱ ስትወጣ ከገጾቿ አንዱ ሁልጊዜ «ወደ ፊት ምን ለመሆን ታስባለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት ነው። ያለፈውን ዓመት እትም ከቤተ መጻሕፍታችን አውጥቼ ብመለከት፥ የሚበዙት ሐኪም፥ ቀጥለው ያሉት መሐንዲስ፥ ጥቂቶቹም አውሮፕላን ነጂ ለመሆን ያስባሉ። አንዲት ተማሪ ብቻ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ጽፋለች፤ ከሁሉም ይልቅ እውነቱን የተናገረች እርስዋ ሳትሆን አትቀርም።

እኔ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለዚሁ ጥያቄ የምሰጠው መልስ፥ የጥገና ሠራተኛ ለመሆን አስባለሁ የሚል ነው። ይህን በክፍል ውስጥ በተናገርሁ ጊዜ ጓደኞቼ ሣቁ። አንዱ ወዳጄ «ፈተናውን ገና ሳትወስድ ወደቅህ እንዴ?» አለኝ። ለቀልድ የተናገረው ስለ ሆነ አልተቀየምሁትም። ነገር ግን በዚያች አንዲት ቀልድ ውስጥ የብዙ ሰው አሳብ ተጠቅልሎ ስላገኘሁት፥ በበኩሌ ያለኝን አስተያየት ለመጻፍ ተነሣሁ። ስለ ማዕርጌ የሚጠራጠር ቢኖር የክፍላችንን ኀላፊ መምህር ሊጠይቅ ይችላል።

አስቀድሜ የአሳቤን ምንጭ ልግለጽ። የእናቴ ታናሽ ወንድም የሆነው አጎቴ 12 ዓመት ሙሉ በዱባይ ከተማ፥ የጎልፍ ሜዳ ባለው አንድ ትልቅ የመዝናኛ ሆቴል፥ አሁን ሰው ሁሉ እንደሚጠራው በሪዞርት፥ በጥገና ክፍል ሠርቷል። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አገሩ ተመልሶ አሁን እዚሁ በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የጥገና ክፍል ኀላፊ ነው። እኔም ያለፉትን ሁለት ክረምቶች፥ ሆቴሉ ስለ ፈቀደልኝ፥ ከእርሱ ጋራ መሰላል ስሸከምና መፍቻ ሳቀብል ከርሜአለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናገረው ከፊሉ እርሱ ያጫወተኝ፥ ከፊሉ በዓይኔ ያየሁት፥ ጥቂቱም ከመጻሕፍት ያገኘሁት ነው።

ጎልፍ በአገራችን እምብዛም የተለመደ ጨዋታ ስላልሆነ በአጭሩ ላስረዳ። ተጫዋቹ ትንሽዋን ኳስ በዱላ እየመታ፥ ሣር በለበሰ ሰፊ ሜዳ ላይ ወዳሉት 18 ጉድጓዶች በየተራ ያስገባታል፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። የጉድጓዱ አፍ ስፋት 108 ሚሊሜትር ነው፤ ከሲኒ ማስቀመጫ እምብዛም አይለይም። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሣር ደግሞ 3 ሚሊሜትር ያህል እስኪቀር ታጭዶ እንደ ምንጣፍ መሆን አለበት። ይህን ለአያቴ በነገርኋቸው ጊዜ «ታዲያ ከብቱ ምን ይበላል?» አሉኝ።

ይህ ሜዳ በበረሃ ውስጥ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። በዱባይ እ.ኤ.አ. በ1988 የተከፈተው የኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ በመካከለኛው ምሥራቅ ሙሉ በሙሉ ሣር የለበሰ የመጀመሪያው የውድድር ሜዳ ነው፤ ከዚያ በፊት በዚያ አካባቢ ጎልፍ የሚጫወቱት አሸዋ ላይ ነበር። በበጋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ሜዳዎች የሚጠጡት ከከተማው ቤቶች ወጥቶ የተጣራውን የፍሳሽ ውሃ ነው። ያን ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ነው፤ የሚገፋውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፥ እንግዳው ተኝቶ ሳለ ነው። ፓምፑ በሐሩር ወራት አንድ ሁለት ቀን ቢቆም ለዓመታት የተለፋበት ሣር ይቃጠላል።

እንግዳው ይህን ሁሉ አያይም። እርሱ የሚያየው አረንጓዴውን መስክ፥ ሰማያዊውን የመዋኛ ገንዳ፥ ቀዝቀዝ ያለውን ክፍሉን ብቻ ነው። ከግድግዳው በስተጀርባ ግን አየር ማቀዝቀዣዎች፥ የሙቅ ውሃ ጋኖች፥ የገንዳ ማጣሪያዎች፥ አሳንሰሮች፥ የመብራት ማመንጫ ሞተሮች፥ የእሳት አደጋ ደወሎች፥ የወጥ ቤት ማቀዝቀዣዎችና ኪሎሜትር የሚቈጠር ቧንቧ አለ። ሣሩን የሚያጭዱትና የሚንከባከቡት ሰዎች ለብቻቸው አንድ ክፍል ናቸው፤ የቀረው ሁሉ ግን የጥገናው ክፍል ነው። አጎቴ ሲናገር «የእኛ ሥራ ጥሩ የሆነ ዕለት ማንም አያውቀውም፤ የተበላሸ ዕለት ብቻ በስማችን እንጠራለን» ይላል።

ታዲያ በዚህ ሥራ ሰው እንዴት ያድጋል? ጓደኞቼ የሳቁት መሰላል የሚሸከም ሰው መሰላል እንደ ተሸከመ የሚያረጅ ስለ መሰላቸው ይመስለኛል።

አጎቴ ወደዚያ ሲሄድ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ለአንድ ዓመት የኤሌክትሪክ ሥራ የተማረ ወጣት ነበር። መጀመሪያ የተሰጠው ማዕርግ «ረዳት» የሚል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራው፥ ከ300 የሚበልጡ ክፍሎችን እየዞረ የአየር ማቀዝቀዣዎቹን ማጣሪያ አውጥቶ ማጠብና መልሶ ማስገባት ነበር። አንዱን ዙር ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ብዙዎች ባልደረቦቹ በዚህ ሥራ ተሰላችተው ወደ ሌላ ሄዱ። እርሱ ግን አንድ ደብተር ገዛ። በየክፍሉ የሚያየውን ሁሉ መጻፍ ጀመረ፤ የትኛው ማቀዝቀዣ ይንቀጠቀጣል፥ የትኛው ውሃ ያንጠባጥባል፥ የትኛው ከጎረቤቱ ይልቅ ዘግይቶ ያቀዘቅዛል። እነዚያ ደብተሮች አሁንም አሉት፤ በላብና በቅባት ጠቁረዋል፤ እንግሊዝኛውም እንደኔ እንግሊዝኛ ነው።

አለቃው ከህንድ አገር የመጣ ሽማግሌ ነበር። ለአጎቴ ካስተማረው ነገር ሁሉ አንዱን እኔም ተምሬዋለሁ። ረጅም ካቻቢቴ ይያዛል፤ ጫፉን የሚሽከረከረው ሞተር ላይ ኩሽኔታው ባለበት በኩል ያስደግፉታል፤ እጀታውን ደግሞ ጆሮ ላይ ያስጠጉታል። በዚያን ጊዜ የሞተሩ ሆድ ይሰማል። ደኅና ኩሽኔታ እንደ ንብ ወጥ ሆኖ ያንጐራጕራል፤ ግራሶ ያለቀበት ይንሸራሸራል፤ መሰባበር የጀመረው ደግሞ አሸዋ እንደ ገባበት ወፍጮ ይንቋቋል። ሐኪም በማዳመጫው ልብ የሚሰማበት ሥርዓት ከዚህ በምን ይለያል? (ይህን ጥያቄ ለባዮሎጂ መምህራችን አቅርቤላቸው «በደመወዙ» ብለው መለሱልኝ።)

በሦስተኛው በጋ አጎቴ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ሳለ፥ የሜዳውን ውሃ ከሚገፉት ፓምፖች አንዱ ዘንድ ካቻቢቴውን ይዞ ቀረበና ያንን የወፍጮ ድምፅ ሰማ። ለሌሊቱ ተቈጣጣሪ ነገረው፤ ተቈጣጣሪውም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይቆያል አለው። አጎቴ አልተከራከረም። በተራ መዝገቡ ላይ ሰዓቱን፥ የፓምፑን ቍጥርና የሰማውን ድምፅ ጽፎ ፈረመበት። በማግሥቱ ጧት ዋናው መሐንዲስ መዝገቡን ሲያነብ አየውና ፓምፑን አስቁሞ አስፈታው፤ የኩሽኔታው ብረት ተፈጭቶ ዘንጉን መብላት ጀምሯል። ተጠባባቂው ፓምፕ ሥራውን ስለ ያዘ ሣሩ ተረፈ። አጎቴ በዚያው ወር ከረዳትነት ወጥቶ ሁለተኛ ቴክኒሺያን ተባለ። እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ የገረመኝ ጆሮው አይደለም፤ መጻፉ ነው። አማርኛ መምህራችን ድርሰት ጻፉ ሲሉን የምናጕረመርም ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብለን አናስብም።

ከዚያ በኋላ ወደ ጎልፍ ጋሪዎቹ ቤት ተዛወረ። ተጫዋቾቹ ሜዳውን የሚዞሩባቸው ትንንሽ መኪኖች በባትሪ የሚሄዱ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ባትሪ ይገጠምላቸዋል። ለእነዚህ ባትሪዎች የተጣራ ውሃ ይጨመራል፤ የሚጨመረው ግን ኤሌክትሪክ ከሞላቸው በኋላ ነው። ሳይሞሉ አስቀድሞ አፍ እስኪደርስ ከተጨመረ፥ በሚሞሉበት ጊዜ ፈሳሹ ስለሚነፋ አሲዱ ይገነፍላል። አጎቴ ይህን የተማረው በጫማው ነው፤ ግራ እግሩን አሲድ በልቶት አንድ ሳምንት በሰንደል ሠርቷል። ደግሞም ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለው ጋዝ ይወጣል፤ ስለዚህ ቤቱ ነፋስ የሚዘልቀው መሆን ይገባዋል፤ ሲጋራ የያዘ ሰው እዚያ አይገባም። እኛ ሃይድሮጅንን በኬሚስትሪ መጽሐፍ የመጀመሪያው ንጥረ ነገር መሆኑን ብቻ እናውቀዋለን።

በአምስተኛው ዓመት ማታ ማታ የማቀዝቀዣ ሥራ ተምሮ የምስክር ወረቀት አገኘ። ቀጥሎ አንደኛ ቴክኒሺያን፥ ቀጥሎ የተራ ኀላፊ ሆነ፤ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት 14 ሰዎችን ያስተዳድር ነበር። ደመወዙም ሲገባ ከነበረው አራት እጥፍ ሆኖ ነበር። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ደረጃ የለም የሚል ሰው ቢኖር፥ ደረጃው የተሠራው ከእብነ በረድ ሳይሆን ከደብተር ስለ ሆነ አላየውም ማለት ነው።

ይህን አሳቤን ለአባቴ የገለጽሁላቸው በጥምቀት ሰሞን ነው። አባቴ 26 ዓመት ያስተማሩ መምህር ናቸው። ቁጣ አያውቁም። ሻያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፥ እኔ የጠመኔ አቧራ ስውጥ የኖርሁት አንተ መሰላል እንድትሸከም ነውን?» አሉኝ። ቀጥለውም «አጎትህን አከብረዋለሁ፤ ብርቱ ሰው ነው። ነገር ግን እርሱ ወደዚያ የሄደው ሌላ በር ስለ ተዘጋበት ነው። አንተ በሩ ተከፍቶልህ ሳለ ለምን ትዘጋዋለህ? ሐኪም ብትሆን የሰው ነፍስ ታድናለህ» አሉ። እናቴ በሁለታችን መካከል ስለ ነበረች ዝም አለች፤ ወንድሟ ነውና ምን ትበል? እኔም በዚያን ዕለት መልስ አልሰጠሁም። አሁን ግን ልመልስ እሞክራለሁ።

ነፍስ ማዳንን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 በሐምሌ ወር በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በአንድ ትልቅ ሆቴል ስብሰባ አደረገ። ስብሰባው ካለፈ በኋላ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎች ብርቱ የሳንባ ሕመም ያዛቸው፤ ከእነርሱም 34ቱ ሞቱ። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ለማወቅ ወራት ፈጀባቸው። በ1977 መጀመሪያ ላይ ግን የበሽታው መንስኤ ቀድሞ የማይታወቅ ባክቴሪያ መሆኑ ተገኘ፤ በእነዚያም ወታደሮች ስም ሌጅዮኔላ ተባለ። ይህ ባክቴሪያ ለብ ባለና በቆመ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ ከአየር ማቀዝቀዣ ማማዎችና ከመታጠቢያ ቧንቧዎች በጉም መልክ ወጥቶ ወደ ሳንባ ይገባል።

አጎቴ በሠራበት ሆቴል ይህን በሽታ የሚከላከለው ማን ነበር? ሐኪም አልነበረም። ጋኑ ውስጥ ያለው ሙቅ ውሃ 60 ዲግሪ መሆኑን በየቀኑ እያየ የሚጽፈው፥ እንግዳ ባልገባባቸው ክፍሎች ሁሉ በየሳምንቱ ቧንቧ ከፍቶ የቆመውን ውሃ የሚያፈስሰው፥ የመታጠቢያውን ወንፊት ፈትቶ የሚያጸዳው ያው መሰላል ተሸካሚ ነበር። እኔም እዚህ በቢሾፍቱ ይህንኑ ስሠራ ከርሜአለሁ። መጀመሪያ፥ ማንም በሌለበት ክፍል ውሃ ማፍሰስ ሞኝነት መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ የታመመውን ያድናል፤ ይህ ግን ሳይታመሙ ያድናል። ያልታመመ ሰው ደግሞ ማንንም አያመሰግንም፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። አባቴ ሆይ፥ መልሴ ይህ ነው።

ደግሞ ጥገና የጭንቅላት ሥራ አይደለም የሚሉ አሉ። በ11ኛ ክፍል ስለ ጋዝ ግፊትና ሙቀት የተማርነውን ለፈተና ሸምድጄ ለፈተናው ማግሥት ረስቼው ነበር። በክረምቱ አጎቴ ሁለት የግፊት መለኪያ በእጄ አስይዞ ከማቀዝቀዣ ጋራ ሲያገናኘው፥ የተጨመቀው ጋዝ ሲሞቅና ሲስፋፋ ሲቀዘቅዝ በጣቶቼ ዳሰስሁት። ያን ጊዜ ትምህርቱ ወደ እኔ ተመለሰ። ቀድሞ በብዛት ይሠራበት የነበረው አር-22 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ፥ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው በሞንትሪያል ውልና በኋላ በተደረጉት ማሻሻያዎች መሠረት በየአገሩ እየቀረ ሄዷል፤ ስለዚህ ጠጋኙ አዲሶቹን ጋዞች ማወቅና አሮጌውን ወደ አየር ሳይለቅ በጋን መሰብሰብ አለበት። የመዋኛ ገንዳውም ውሃ የአሲድነቱ መጠን ከ7.2 እስከ 7.8 ካልሆነ የእንግዳው ዓይን ይቀላል ወይም ክሎሪኑ ሥራውን ይተዋል። ይህ ሁሉ ፊዚክስና ኬሚስትሪ አይደለምን?

አሁን ወደ ርእሴ ልመለስ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 27 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.2 ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆነ። ለቀሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሰው ሁሉ ምን ይላቸዋል? «በቃ ሙያ ተማሩ» ይላቸዋል። አነጋገሩን ልብ በሉ፤ «በቃ» ይባላል። በዚህ ዓይነት፥ ሰው ጥሩ ጠጋኝ የሚሆንበት ትምህርት የቅጣት ቦታ ይመስላል። ያልፈለገው ይገባበታል፤ የፈለገው ደግሞ እንደ እኔ ይሳቅበታል። እንደ እኔ አስተያየት ጉዳቱ ድርብ ነው። ተማሪው ራሱን ንቆ ይማራል፤ አገሪቱም ማሽኖቿን ራሱን ለናቀ ሰው ታስረክባለች።

ይህ ንቀት አዲስ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውን በታሪክ ተምረናል። አዋጁ ያስፈለገው ስድቡ ስለ በዛ ነው። ዛሬ አንጥረኛውን ፊት ለፊት የሚሰድብ ሰው ጥቂት ነው፤ ስድቡ መልኩን ለውጦ «ምነው አልተማርህም?» የሚል ጥያቄ ሆኗል።

ሌላ አገርም ቢሆን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በስኮትላንድ አገር ሴንት አንድሩስ በተባለችው የጎልፍ ከተማ ቶም ሞሪስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1821 እስከ 1908 ኖሯል። ታላቁን ክፍት ውድድር በ1861፥ በ1862፥ በ1864ና በ1867 አራት ጊዜ አሸንፏል። ይኸው ሰው እንጀራው ሜዳ ጠባቂነት ነበር፤ ከ1860ዎቹ ጀምሮ እስከ 1903 ድረስ የሴንት አንድሩስን ሜዳ ሲጠብቅ፥ በሣሩ ላይ አሸዋ እየበተነ ሲያለማ ኖረ። ዋንጫውን ያነሣውና አሸዋውን በጋሪ የገፋው አንድ ሰው ነው፤ በአንዱ ምክንያት ሌላውን አላፈረበትም።

ይህን ሁሉ ስል የሥራውን መራራ ጎን መሸሸግ አልፈልግም። አጎቴም እንድሸሽገው አይወድም። በዱባይ በሐሩር ወራት፥ ይኸውም በፈረንጅ አቈጣጠር ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፥ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ድረስ ሠራተኛን በግልጥ ፀሐይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ራሱ ሙቀቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ይመሰክራል። ከ9 ሰዓት በኋላም ቢሆን ጣራው ላይ ያለውን ብረት በባዶ እጅ መንካት አይቻልም። የውጭ አገር ሠራተኛ የሚኖረው በአሠሪው በኩል በሚሰጥ ፈቃድ ስለ ሆነ እንደ ልቡ መሄድና መምጣት አይችልም። የእናቴ አባት ያረፉት የበጋው ሥራ በበረታበት ወር ነበር። አጎቴ መርዶውን የሰማው በሞተር ቤት ውስጥ ሆኖ ነው፤ ለቀብር አልደረሰም። ተመልሶ በመጣ ጊዜ ሻንጣውን ሳይፈታ በቀጥታ ወደ መቃብራቸው ሄደ። ስለዚህ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ የነገረችኝ እናቴ ናት።

አጎቴ ወደ ውጭ አገር እንድሄድ አይመክረኝም። «እትዬን ሁለተኛ አላስለቅሳትም» ይላል። በዚህ ነገር ከእርሱ ጋራ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሙያ ሳይዝ የሄደ ሰውና የምስክር ወረቀቱን በእጁ ይዞ የሄደ ሰው አንድ ዓይነት ዕጣ የሚገጥማቸው አይመስለኝም፤ እርሱ ራሱ ሲሄድ ረዳት፥ ሲመለስ ኀላፊ አልነበረምን? ይሁን እንጂ በቢሾፍቱ ብቻ ሆራ፥ ባቦጋያና ኩሪፍቱን በመሳሰሉት ሐይቆቻችን ዳር ስንት ሆቴል እንደ ተሠራ ሁላችሁም ታዩታላችሁ። እያንዳንዱ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከሦስት ዓመት በኋላ አሳንሰሩ የሚሠራው የትኛው ነው? አጎቴ አሁን ባለበት ሆቴል ሥራ ሲጀምር ከሁለቱ የመብራት ሞተሮች አንዱ ቆሞ ነበር። የቆመው ማጣሪያው ስለ ተደፈነ ብቻ ነው፤ አዲስ ሞተር ለመግዛት ግን ዋጋ እየተጠየቀ ነበር።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ግቢ እንመልከት። ከመጸዳጃው በስተኋላ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያችን ባለፈው ዓመት ሰባት ወር ያህል ባዶውን መቆሙን ሁላችን እናስታውሳለን። ጀሪካን ይዘን ስንሰለፍ ውሃ ጠፋ እንጂ ማጠራቀሚያው ተበላሸ ያለ አልነበረም። የተበላሸው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ነበር፤ ስለ ተሰበረና ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ስለሚፈስስ፥ አንድ ሰው ዋናውን መዝጊያ ዘጋው፤ የዘጋው ሰው ወደ ሌላ ሥራ ሄደ፤ ለምን እንደ ተዘጋም ሳይጻፍ ቀረ። ከአጎቴ ጋራ ሆነን ርእሰ መምህሩን አስፈቅደን ኳሱን ለወጥነው። ዕቃው ከአንድ ሺህ ብር በታች፥ ሥራው አንድ ሰዓት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር በገመድ አስሬ ማጠራቀሚያው በር ላይ ሰቀልሁ። በመጀመሪያው ገጽ ቀኑን፥ የተለወጠውን ዕቃና መዝጊያው በየትኛው በኩል እንደሚገኝ ጻፍሁ። በየሳምንቱ ሰኞ ጧት ከሰልፍ በፊት እየሄድሁ ኳሱን አይቼ እፈርማለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ከእኔ በቀር የፈረመበት ሰው የለም። እኔ ግን በሐምሌ ከዚህ ግቢ እወጣለሁ። ከ9ኛ ወይም ከ10ኛ ክፍል ሰኞ ጧት አሥር ደቂቃ የሚተርፈው ተማሪ ቢኖር በ12ኛ ክፍል መስኮት በኩል ይጠይቀኝ፤ ካቻቢቴ እንዴት ጆሮ ላይ እንደሚያዝም ጨምሬ አሳየዋለሁ።

ፈተናችን በሰኔ ነው። ለፈተናው እንደ ማንኛውም ተማሪ እየተዘጋጀሁ ነው፤ ለማለፍም አስባለሁ። ባልፍም ብወድቅም የማመለክተው ወደ ሙያ ኮሌጅ፥ ወደ ኤሌክትሪክና ማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ብወድቅ ኖሮ ይህን ማለት ቀላል በሆነልኝ ነበር፤ አልፌ ስናገረው ግን በቤታችን ምን እንደሚሆን አላውቅም። አባቴ ከጥምቀት ወዲህ ነገሩን አንሥተው አያውቁም፤ እኔም አላነሣሁም። ማታ ማታ የሒሳብ ጥያቄ ያሠሩኛል፤ ስሳሳት ያርሙኛል።

ይህች መጽሔት በግንቦት ታትማ ስትወጣ አንድ ቅጂ ገዝቼ ከሬዲዮናቸው አጠገብ አስቀምጥላቸዋለሁ።